ጃፓን ሄደን ምን ይዘን ተመለስን?

ወገን፣ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ነገ ጠዋት «ከዊንጌት አንድ የታዳጊዎች ቡድን ተጋብዞ ጃፓን ሊሄድ ነው» ብትባሉ መጀመሪያ ምን ትላላችሁ? እውነቱን እንነጋገር። አንዱ «የተመረጡት የማን ዘመዶች ናቸው?» ይላል። ሌላው «ስንቱ ይመለሳል?» ብሎ ይስቃል። ሦስተኛው «ለኔም ጫማ አምጡልኝ» ይላል። «ሄደው ምን ተምረው ይመጣሉ?» የሚል ግን ከመቶ አንድ ቢገኝ ነው።

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለዚች አራተኛዋ ጥያቄ ነው። የቡድኑ ስፖርት ራግቢ ይሁን እግር ኳስ ወይም ሩጫ፣ ጥያቄዋ ያው ናት።

ጃፓንና እኛ የትናንት ትውውቅ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1931 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራችን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልዑካን መርተው ጃፓን ሄደው ነበር። ለሽርሽር አልነበረም የሄዱት። በሩን ዘግቶ የኖረ ሕዝብ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ እንዴት ከአውሮፓ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሊቆም እንደቻለ ማየት ይፈልጉ ነበር። ሲመለሱም ያዩትን ዝም ብለው ለቤተ መንግሥት ሹክ አላሉም። «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው መጽሐፍ ጻፉበት። በዚያው በ1931 የወጣው የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥታችንም የጃፓኑን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ የተሰናዳ ነው። አዎ፣ ጃፓን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጣሊያንን ወረራ ተቀብላ ከወራሪው ጋር ወግናለች፤ ያንንም አንረሳም። የኅሩይ ትምህርት ግን አልተሻረም፦ በሀገር ስም የሄደ ሰው ያየውን ለሀገሩ ሰው የማስረከብ ዕዳ አለበት።

ቀጥሎ የሄደው ሁላችሁም የምታውቁት ነው። አበበ ቢቂላ።

አብዛኞቻችን አበበን የምናውቀው በሁለት ፎቶ ነው፦ ሮም በባዶ እግር፣ ቶኪዮ በጫማ። በመሀል ያለውን ግን ማንም አይነግረንም። አበበ ጃፓንን መጀመሪያ ያወቃት በቶኪዮ ኦሊምፒክ አይደለም። ከሮም ድል በኋላ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1961 ኦሳካ ሄዶ የማይኒቺ ማራቶንን አሸንፏል። መንገዱን፣ አየሩንና ሕዝቡን ቀድሞ አየ። ቶኪዮ ሲደርስ እንግዳ አልነበረም።

ቶኪዮም ቢሆን ቀላል አልነበረችም። ውድድሩ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ተደረገ። ሌላ ሰው ቢሆን «በቃ፣ እግዜር አልፈቀደም» ብሎ ይቀመጥ ነበር። እሱ ግን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1964 በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። በታሪክ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለቴ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሁለተኛው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ሲገባ፣ አበበ ሜዳው ላይ ሰውነቱን እያፍታታ ነበር።

አሁን ማንም የማያወራውን ስሙ። በዚያ ጉዞ አበበ ብቻውን አልነበረም። ደምሴ ወልዴ በማራቶኑ 10ኛ ወጥቷል። ማሞ ወልዴ በ10,000 ሜትር 4ኛ ሆኗል። ማሞ ሜዳሊያ ሳይዝ ነው የተመለሰው። ዛሬ ቢሆን በየገጹ ስድብ ይዘንብበት ነበር፤ እኛም ሳንሳደብ የምንቀር አይመስለንም። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ሜክሲኮ ላይ አበበ ተጎድቶ ከመንገድ ሲወጣ ወርቁን ለኢትዮጵያ ያመጣው ይኸው ማሞ ነው። የቶኪዮው ጉዞ ትልቁ ትርፍ ከአበበ ወርቅ ሌላ ይህ ነበር፦ ከጎኑ ሆኖ ያየ፣ የተማረ፣ ተራው ሲደርስ የተረከበ ሰው።

አሁን ደግሞ ጃፓኖቹ ከውጭ ጉዞ ምን ይዘው እንደተመለሱ እንያ።

እ.ኤ.አ. በ1912 ሺዞ ካናኩሪ የሚባል የ20 ዓመት ተማሪ ለስቶክሆልም ኦሊምፒክ ተላከ። ጃፓን በኦሊምፒክ ስትሳተፍ የመጀመሪያዋ ነበር። ጉዞው በመርከብና በባቡር ሳምንታት ፈጀ። በማራቶኑ ቀን ሙቀቱ ጣለው። አንድ የስዊድን ቤተሰብ ጊቢው አስገብቶ አሳረፈው። ልጁ ከማፈሩ የተነሳ ለአዘጋጆቹ እንኳ ሳይናገር ወደ ሀገሩ ተመለሰ። እዚያ መዝገብ ላይ «የጠፋ» ሆኖ ቀረ። በ1967 ሸምግሎ ሳለ ስዊድኖቹ ጠርተው ሩጫውን አስጨረሱት። ሰዓቱም 54 ዓመት ከ8 ወር ከምናምን ተብሎ ተመዘገበ። ዓለም ይህን እንደ ቀልድ ነው የሚያወራው።

ቁም ነገሩ ግን መሀል ላይ ነው። ካናኩሪ ሀገሩ ገብቶ ፊቱን ሸፍኖ አልተቀመጠም። «ለምን ወደቅሁ? ለሚቀጥለው ልጅ ምን ላዘጋጅ?» አለ። እ.ኤ.አ. በ1920 የተጀመረውን የሃኮኔ ኤኪደን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ኤኪደን የረጅም ርቀት ቅብብል ነው። በሃኮኔ የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች አሥር አሥር ሯጭ አሰልፈው ከቶኪዮ እስከ ሃኮኔ ተራራ ደርሶ መልስ ወደ 217 ኪሎ ሜትር በሁለት ቀን ይሮጣሉ። የሚቀባበሉት ዱላ አይደለም፤ ከትከሻ ወደ ጎን የሚታጠቁትን ታሱኪ የሚባል ጨርቅ ነው። በየዓመቱ በአዲስ ዓመታቸው ሰሞን ሀገር ምድሩ ቴሌቪዥን ላይ ተተክሎ ያየዋል።

በጣም የሚያሳዝነው የቱ ሯጭ እንደሆነ ታውቃላችሁ? የተቀደመው አይደለም። ዘግይቶ ሲደርስ ተረካቢው ሰዓት አልፎበት ሌላ ታሱኪ ታጥቆ የሄደበት ልጅ ነው። ጨርቁን እንደያዘ መንገድ ዳር ተደፍቶ ያለቅሳል። የግል ሰዓቱን እያሰበ አይደለም፤ የቡድኑን ታሱኪ ማስረከብ አልቻለማ።

አንድ የተሸነፈ ተማሪ ከስቶክሆልም ለሀገሩ ይዞ የተመለሰው ይህን ነው። እኛ ደግሞ ከቶኪዮ በድል ነው የተመለስነው። ታዲያ የትምህርት ቤት ሩጫችን የት አለ? ከጉለሌ ትምህርት ቤቶች ስንቶቹ ናቸው በየዓመቱ በማይቀር ቀን፣ በማይቀር መንገድ የሚወዳደሩት? ጀግና አላጣንም፤ ቶኪዮ ላይ በ2021ም ሰለሞን ባረጋ የ10,000 ሜትሩን ወርቅ አምጥቶልናል። የጎደለን ታሱኪው ነው። ጀግኖቻችን በየራሳቸው ጥረት ይበቅላሉ፤ ሲበቅሉ እንኮራለን፤ ሲያረጁ እንረሳለን።

«እሺ፣ ጃፓን ሄዶ የቀረስ?» የምትሉ አላችሁ። ይሄንንም እንነጋገርበት። ኢብራሂም ጄይላንን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2006 በ10,000 ሜትር የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮን ነበር። ከዚያ ጃፓን ሄዶ ለሆንዳ ኩባንያ ቡድን መሮጥ ጀመረ። እዚህ ብዙ ሰው ረሳው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 2011 ዴጉ ላይ ግን የኢትዮጵያን ማሊያ ለብሶ፣ መጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ ሞ ፋራህን ቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ውጭ ሄዶ መሥራት ክህደት አይደለም። በውል ሄደህ፣ ሠርተህ፣ ሀገርህ ስትጠራህ ትመጣለህ።

ከታዳጊ ቡድን ሾልኮ መጥፋት ግን ሌላ ነው። የሚጠፋውን ልጅ አንሰድበውም፤ ኑሮው ምን እንደሚመስል እናውቀዋለን፣ እኛም እዚሁ ነው ያለነው። ግን አንተ ስትጠፋ ኤምባሲው በሩን የሚዘጋው በሹሙ ላይ አይደለም። የሚዘጋው አንተን አይቶ እየተለማመደ ባለው የ14 ዓመት ልጅ ላይ ነው። ታሱኪውን ይዘህበት ሄድክ ማለት ነው።

ዕድሜ መቀነስም እንደዚያው። «ታዳጊ» ተብሎ የ22 ዓመት ጎረምሳ ሲሰለፍ የምናታልለው ፈረንጁን ይመስለናል። ቦታውን የተነጠቀው ግን እውነተኛው የ16 ዓመት ልጅ ነው፤ እሱም የሰፈራችሁ ልጅ ነው። ሀገር ወዳድ ነኝ እያልክ ለሀገርህ ልጅ የውሸት ወረቀት አትጽፍበትም።

ስለ ራግቢ አንድ ነገር ብለን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ካማይሺ የምትባል የጃፓን የባሕር ዳር ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2011 ሱናሚ ሲመጣ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች የአንደኛ ደረጃ ሕፃናትን እጅ ይዘው ወደ ኮረብታ ሮጠው አተረፏቸው። ትምህርት ቤቶቻቸው በነበሩበት ቦታ በኋላ የራግቢ ስታዲየም ተሠራ። በ2019 የዓለም ዋንጫ ናሚቢያና ካናዳ እዚያ ሊጫወቱ ሲሉ በከባድ አውሎ ነፋስ ምክንያት ጨዋታው ተሰረዘ። የካናዳ ተጫዋቾች ሆቴል ገብተው አልተኙም። አካፋ ይዘው ከከተማው ሰው ጋር ጭቃ ሲጠርጉ ዋሉ። ያን ቀን ጎል የለ፣ ዋንጫ የለ፤ የካማይሺ ሰው ግን ያንን ቡድን አይረሳውም። በሀገር ስም ሄዶ እንዲህ ዓይነት ስም ጥሎ መምጣትም አለ።

አሁን ዊንጌት ነን። ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1946 ከተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆች አንድ መኝታ ቤት እያደሩ የተማሩበት ግቢ ነው፤ ዛሬ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሆኗል። ከበላያችን እንጦጦ አለ። ጠዋት ጠዋት ዳገቱን የሚወጡትን ሯጮች ታዩአቸዋላችሁ። ዓለም ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣበት አየርና ዳገት ደጃችን ላይ ነው።

ስለዚህ ግብዣ እስኪመጣ አትጠብቁ። የሰፈራችሁን ቡድን ስም፣ የልጆቹን እውነተኛ ዕድሜ፣ የልምምዱን ቀን ደብተር ላይ አስፍሩ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ድንጋይ ጎል አድርገው የሚጫወቱትን ትንንሾች ከሜዳው አታባሯቸው፤ አንድ ሰዓት ስጧቸው፤ አስተምሯቸው። የወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ምርጫ ሲያካሂድ «ቀኑና መስፈርቱ ይለጠፍ፣ ሁሉም ይሞክር» ብላችሁ በሥርዓት ጠይቁ። አንተ ወይም አንቺ የተመረጣችሁ ቀን ደግሞ ቃል ግቡ፦ «ስመለስ ያየሁትን እዚሁ ሜዳ ላይ ቆሜ እነግራችኋለሁ።» ኅሩይ መጽሐፍ ጻፉ፤ እናንተ አንድ ቅዳሜ ብትናገሩ ይበቃል።

ባንዲራ ለብሶ ፎቶ መነሳት ደስ ይላል፤ እኛም እንወደዋለን። ግን ባንዲራው የሚከበረው ፎቶው ከተነሳ በኋላ በሚሠራው ሥራ ነው። የተቀበላችሁትን ሳታስረክቡ አትቁሙ።

ይህን ያነበብክ ወንድሜ፣ ያነበብሽ እህቴ፣ በሰፈራችሁ ልጆችን በነፃ የሚያሠለጥን ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ ላኩለት። «እናይሃለን፣ በርታ» በሉት። ከቻላችሁ ደግሞ ቅዳሜ ሄዳችሁ አግዙት።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!