የቃልና የንባብ ፈተና ውጤቱ ባለበት ስለ ቆመ ተማሪ

በመካነ ሰላም ከተማና በዙሪያዋ ባሉት በቦረና፥ በሳይንትና በለጋምቦ ደጋዎች፥ ልጁን እስከ ዩኒቨርሲቲ አስተምሮ ያስመረቀ ቤተ ሰብ ዛሬ ቍጥሩ ጥቂት አይደለም። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ከቱሉ አውሊያ ሌላ በመካነ ሰላም ግቢ ስላለው፥ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቀው በመምህርነት የተቀጠሩ ወጣቶች ወደሚቀጥለው ማዕርግ ለመውጣት ሲጣጣሩ ማየት የተለመደ ነገር ሆኗል። ከነዚህም አንዳንዶቹ ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለመግባት ጂ.አር.ኢ. ለተባለው ፈተና ይዘጋጃሉ፤ ሌሎቹም በአገራችን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ይቀመጣሉ። ዛሬ ልንጽፍበት ያሰብነው፥ ተማሪው ወራት ሙሉ ደክሞ ሳለ የቃልና የንባብ ክፍል ውጤቱ በአንድ ስፍራ ተተክሎ አልነቃነቅ ሲለው ምን ማድረግ እንደሚገባው ነው። የቃል ክፍል ማለታችንም በአፍ የሚመለስ ፈተና ማለት አይደለም፤ የእንግሊዝኛን ቃልና ንባብ ማስተዋል የሚመረመርበት ክፍል ነው።

ነገሩን ለመጻፍ ያነሣሣን የምናውቀው አንድ የሂሳብ መምህር ነው። ይህ ወጣት በስድስት ወር ውስጥ ብዙ መቶ የእንግሊዝኛ ቃላት ከነትርጓሜያቸው በደብተር ጽፎ፥ ሌሊት በመብራት መብራት ሲጠፋም በሻማ አጥንቶ፥ የሙከራ ፈተና ቢወስድ 148 አገኘ። ሌላ ወር አጥንቶ ቢሞክር 149 ሆነ፤ በሦስተኛው ጊዜ ተመልሶ 148 ሆነ። አባቱ ይህን ሲሰሙ፥ «ልጄ ለቍጥር እንጂ ለፈረንጅ ቋንቋ አልተፈጠረም፤ እኅቱ ለክፍያው ያጠራቀመችው ገንዘብ ባጃጅ ይገዛበት» ብለው ቈረጡ። ከእኅቱ በቀር በቤቱ ውስጥ የተቃወመ አልነበረም። እኛም ደብተሩን አስመጥተን ስናየው፥ ድካሙ የሚያስመሰግን መሆኑን፥ ነገር ግን ፈተናው በማይጠይቀው ስፍራ የፈሰሰ መሆኑን ተረዳን።

ለምን ቢሉ፥ ፈተናው ራሱ ተለውጧልና ነው። ጂ.አር.ኢ. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1936 ዓመት የካርኔጊ ድርጅት ከሃርቫርድ፥ ከዬል፥ ከፕሪንስተንና ከኮሎምቢያ ጋር ሆኖ የጀመረው ነው፤ ኋላም በ1947 ዓመት የተቋቋመው ኢ.ቲ.ኤስ. የተባለው ድርጅት ያዘው። ቀድሞ የቃል ተቃራኒን መፈለግና ቃልን ከቃል ማዛመድ ይጠየቅበት ነበር፤ ይህ ሁሉ በ2011 ዓመት በነሐሴ ወር ቀርቷል። በየከተማው በፎቶ ኮፒ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት አሮጌ መጻሕፍት ግን እስካሁን ያንኑ ያስጠናሉ። ከ2023 ዓመት ከመስከረም ወዲህ የቃልና የንባብ ክፍሉ በ2 ተከፍሎ 27 ጥያቄ ነው፤ በመጀመሪያው 12 ጥያቄ በ18 ደቂቃ፥ በሁለተኛው 15 ጥያቄ በ23 ደቂቃ ይሠራል። የሁለተኛው ክፍል ክብደት ተማሪው በመጀመሪያው እንደ ሠራበት መጠን ይወሰናል። ከጥያቄዎቹ እኩሌታ ያህሉ ጽሑፍ አንብቦ መመለስ ነው፤ የቀሩት በዐረፍተ ነገር ውስጥ ባዶ የተተወውን ስፍራ በሚገባው ቃል መሙላት ነው። ውጤቱም ከ130 እስከ 170 ይቈጠራል።

ስለ ውጤቱ አንድ ነገር ቤተ ሰብ ማወቅ ይገባዋል። የፈተናው ባለቤቶች ራሳቸው እንደሚገልጹት፥ የተማሪው ዕውቀት ሳይጨምር ሳይቀንስ ቍጥሩ 2 ያህል ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። እንግዲህ 148፥ 149፥ 148 ማለት ልጁ ወጣ ወረደ ማለት አይደለም፤ በነበረበት ቆሟል ማለት ብቻ ነው። ከ149 ወደ 148 ሲመለስ በቤት ውስጥ ለቅሶ መቀመጥ አላስፈላጊ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በቅኔ ቤት ያለፉ አንባቢዎቻችን ይህን በቀላሉ ያስተውሉታል። የቅኔ ተማሪ አስቀድሞ ግስ ያጠናል፤ «ቀተለ ገደለ» እያለ ቃሉን ከነፍችው ይይዛል። ነገር ግን ግሱን ሁሉ እንደ ውኃ ቢጠጣው፥ አገባብ ካልተማረ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ አትወጣለትም፤ የሌላውን ሰው ቅኔም ሰምቶ መፍታት አይሆንለትም። እስመ ምክንያትን እንደሚያመጣ፥ ባሕቱና አላ ነገሩን ወደ ሌላ ፊት እንደሚያዞሩ፥ መምህሩ ዐቢይ፥ ንኡስና ደቂቅ ብሎ ለይቶ የሚያስተምረው ስለዚህ ነው። የእኛም መምህር ግሱን ባጠና ነገር ግን አገባቡን በሳተ ጊዜ ከሚያዝኑት ይልቅ ግሱ ጐድሎት አገባቡን ባገኘ ተማሪ ደስ ይላቸው ነበር። የሂሳብ መምህራችን ግሱን አጥንቶ አገባቡን ያልተማረ ተማሪ ነበር።

እንግሊዝኛም አገባብ አለው። «ኦልዞው» እና «ዲስፓይት» የተባሉት ቃላት ከፊታቸው ያለው ነገር ከኋላቸው ካለው ጋር እንደሚጣላ ያስታውቃሉ፤ «ሄንስ» ያለፈው ለሚመጣው ምክንያት መሆኑን ይናገራል። ፈታኞቹ መልሱን የሚደብቁት በነዚህ ትንንሽ ቃላት ሥር ነው። በአማርኛ ብንመስለው፥ «ዳኛው ቍጡ ናቸው ቢባልም በዚህ ነገር ላይ ያሳዩት ግን እንዲህ ነው» ተብሎ «እንዲህ» በተባለው ስፍራ ባዶ ቢተው፥ «ቢባልም» እና «ግን» የሚሉትን ያየ ሰው ትዕግሥትን የሚመስል ቃል እንደሚገባ ምርጫውን ሳያይ ያውቃል። ስለዚህ ወጣቱን ያልነው ይህ ነው፤ ምርጫዎቹን በእጅህ ሸፍን፤ ዐረፍተ ነገሩን አንብበህ የሚያዞረውን ቃል አስምርበት፤ ከዚያ በባዶው ስፍራ የራስህን ቃል አግባ፥ በአማርኛም ቢሆን ግድ የለም፤ ከዚህ በኋላ እጅህን አንሥተህ ከቃልህ ጋር የሚስማማውን ፈልግ። ባዶው ሦስት ሲሆን ከመጀመሪያው መነሣት ግዴታ አይደለም፤ ማስረጃው ከጎላበት ይጀመራል። ከሦስቱ አንዱ ቢሳት ጥያቄው በሙሉ ይጠፋልና፥ ሁሉን ሞልቶ እንደ ገና ከራስ እስከ እግር ማንበብ ያሻል።

በሁለተኛ ደረጃ ያየነው ችግር ሰምና ወርቅ ነው። ተማሪው ቃሉን ያውቀዋል፥ ነገር ግን ሰሙን ብቻ ነው። «ቼክ» መመርመር እንደ ሆነ ያውቃል፤ መግታት እንደ ሆነ አያውቅም። «ዋንት» መፈለግ ብቻ ይመስለዋል፤ ማጣትና ጉድለት ተብሎም ይፈታል። «ፍላግ» ባንዲራ ነው፤ ግስ ሲሆን ግን መድከምና መዛል ይሆናል። «ሳንክሽን» ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ አንድ ጊዜ መፍቀድ፥ አንድ ጊዜ መቅጣት ይሆናልና በዙሪያው ካለው ንግግር በቀር የሚለየው የለም። አዲስ አምስት መቶ ቃል ከመጨመር ይልቅ የሚታወቀውን መቶ ቃል ከነወርቁ ማጥናት የበለጠ እንደሚጠቅም እናምናለን።

ስለ ንባቡ ደግሞ ከጽሕፈት ሥራችን የምናመጣው ምሳሌ አለን። በአንድ የፍርድ መዝገብ ውስጥ ከሳሽ ያለው፥ ተከሳሽ የመለሰው፥ ምስክር የተናገረውና ፍርድ ቤቱ ያመነበት ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ይገኛል። ከሳሽ ያለውን ፍርድ ቤቱ እንዳለው አድርጎ የሚገለብጥ ጸሐፊ አንድ ቀን አያድርም። በፈተናው የሚቀርበውም ጽሑፍ እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ «አንዳንድ ሊቃውንት እንዲህ ይላሉ» ይላል፥ ቀጥሎ «ይሁን እንጂ» ብሎ የጸሐፊውን ሐሳብ ያመጣል። ጥያቄው የማንን ቃል እንደሚጠይቅ ሳይለይ የሚመልስ ተማሪ ሁሉን አንብቦ ሁሉን ይስታል። ደግሞ ከምርጫዎቹ መካከል በዓለም ላይ እውነት የሆነ፥ በጽሑፉ ውስጥ ግን የሌለ መልስ አይጠፋም፤ ይህ እውነት ተናግሮ ስለ ተከሰሰበት ነገር ያልተናገረ ምስክር ይመስላል፤ አይቀበሉትም። «ሁሉ»፥ «ፈጽሞ»፥ «ብቻ» የሚሉትን የያዘ ምርጫም ጽሑፉ ይህን ያህል ደፍሮ መናገሩ ካልታየ በቀር ይጠረጠራል። የንባብ ቤት ተማሪ ተነሽና ወዳቂውን ሳይለይ ወደ ዳዊት እንደማይሻገር፥ ይህም ተማሪ በቀን አንዲት ገጽ ጽሑፍ በድምፅ እያነበበ፥ በእያንዳንዱ አንቀጽ ዳር «ይህ የማን ቃል ነው» ብሎ በአንድ መሥመር ቢጽፍ እጅግ ይረዳዋል። የሚነበበውም ቢቻል በወረቀት ታትሞ ይቀመጥ፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፥ ንባቡ ሁሉ በስልኩ ላይ የነበረ ተማሪ ባዶ እጁን ቀርቶ ነበር።

ይህን ሁሉ ግን የሚያያይዘው የስሕተት መዝገብ ነው። ወጣቱ ሙከራ በሠራ ቍጥር የተሳሳተውን እያየ «አላውቀውም ነበር» ብሎ ያልፍ ነበር። እኛ ግን እንደ መዝገብ ቤት ወግ ዓምድ አስምሮ እንዲይዘው አደረግነው፤ ጥያቄው ምን ዓይነት ነው፥ የመረጥሁት የትኛው ነው፥ ለምን አታለለኝ፥ ትክክለኛውን የሚያስረዳው ቃል በጽሑፉ ውስጥ የቱ ጋ ነው። የመጨረሻው ዓምድ ባዶ ሆኖ ሊታለፍ አይችልም። ሦስት ሳምንት ከያዘው በኋላ ተቀምጠን ብንቈጥረው፥ በማያውቀው ቃል የሳተው ጥቂት ሆኖ ተገኘ፤ የሚበዙት አዟዟሪውን ቃል ያላየባቸውና የሌላውን ሐሳብ ለጸሐፊው የሰጠባቸው ነበሩ። የሂሳብ ሰው ነውና ይህን በቍጥር ባየ ጊዜ ከእኛ ምክር ይልቅ መዝገቡን አመነ።

ሙከራ ፈተና በየሳምንቱ መውሰድንም አንመክርም። ኢ.ቲ.ኤስ. በነጻ የሚሰጣቸው ሁለት የሙከራ ፈተናዎች እንደ ወርቅ መቈጠብ አለባቸው፤ አንዱ በመነሻ፥ አንዱ በመድረሻ። በመካከል ያለው ጊዜ ለመዝገቡ ነው። በፈተናው ዕለት ደግሞ ለተሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ አንድም ጥያቄ ባዶ አይተው፤ አንዱ ጥያቄ ደቂቃ ተኩል ከበላ ገምቶ ምልክት አድርጎ ማለፍ፥ ጊዜ ከተረፈ መመለስ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ወጣቱ ግን በመጨረሻ ላይ ሳይደርስባቸው የሚቀሩ ጥያቄዎች ነበሩት።

ለቤተ ሰብ የምንለው አለን። አንድ ሰው በ12 ወር ውስጥ እስከ 5 ጊዜ፥ በየመካከሉም 21 ቀን አሳልፎ መፈተን ይፈቀድለታል፤ ክፍያው ግን በየጊዜው ከ200 ዶላር ያልፋል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፥ አስቀድሞ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ «ወድቆም ቢሆን ይሞክረው» ብሎ መላክ ለመምህር ደመወዝ ከባድ ነው፤ ሙከራው በቤት ከፍ ሳይል ለእውነተኛው መመዝገብ አይገባም። እንዲሁም በማታ ማዕድ ላይ «ዛሬስ ስንት አመጣህ» እያሉ መጠየቅ ቢቀር መልካም ነው። ለተማሪው ከንጋቱ በፊት አንድ ሰዓት ተኩል ጸጥታ ቢሰጡት፥ በዚያም ሰዓት ወደ ወፍጮ ወይም ወደ ገበያ ባይልኩት ይበቃል። ሴት ልጅ ስትሆን ይህን ማሳሰብ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ወንድሟ መጽሐፍ ሲይዝ ቤቱ ዝም ይላል፥ እርሷ ስትይዝ ግን ቡና ይፈላ ይባላል።

የሂሳብ መምህሩ ዐሥራ አንድ ሳምንት እንዲህ ከሠራ በኋላ ሁለተኛውን ሙከራ ሲወስድ 154 ሆነ። በዓለም ያስደነቀ ቍጥር አይደለም፤ ለሚፈልገው ትምህርት ግን ለማመልከት የሚያበቃው ነው። አባቱም ስለ ባጃጁ ማንሣት ትተዋል፤ እኅቱም ገንዘቡን አልነካችም።

ለሚቀጥለው ጕዞ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ፈተናውን በቤት ሆኖ መውሰድ ቢፈቀድም መብራትና ኢንተርኔት ሳይቋረጥ ለሚያገኝ ሰው ነው፤ ከመካነ ሰላም የሚነሣ ተማሪ በአቀስታ ወደ ደሴ፥ ከደሴም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ አዲስ አበባ መግባት ይሻለዋልና፥ ሁለት ቀን አስቀድሞ ይድረስ። ሲመዘገብም ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ ስም በፓስፖርቱ ላይ እንደ ተጻፈው ፊደል በፊደል ያስገባ። በፓስፖርቱ ላይ በአንድ «ኤች» ተጽፎ በምዝገባው ላይ ያለ «ኤች» ከገባ፥ ይህን ያህል የደከመበትን ፈተና ሳያየው ከበር ሊመለስ ይችላል።