ብዕሩ ከአያቴ ላይ ተነሳ፤ ከእኛ ላይ ግን አልተነሳም



አያቴ ዶሮ ማነቂያ ሳሉ የልጆቻቸው ስም ቢጠፋባቸውም የፒያሳውን ኑር መስጊድ አይስቱም ነበር። የቶሞካ ቡና ሽታ፣ የመንገዱ ዳገትና አዛኑ ይመሯቸዋል። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ግን ከደጃፍ ከራቁ መመለስ አቃታቸው። ከቤተሰቡ ገሚሱ «እርጅና ነው»፣ ገሚሱ «ጅን ነው» አለ።

እኛ ኢንጂነሪንግ የምንማር አንድ ሴንሰር ሲሳሳት ከሌላው ጋር አጣምረን እናርማለን። አንጎልም «የት ነኝ?» ለሚለው መልስ የሚሰጠው ዓይንን፣ ጆሮን፣ አፍንጫንና ዳሰሳን አጣምሮ ነው። እንደ አልዛይመር ባለ በሽታ ይህ ማጣመር ራሱ ይደክማል። ሽታ የመለየት ችሎታም ቀድሞ ሊቀንስ ይችላል፤ በፓርኪንሰን ደግሞ እጅ መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ ዓመታት በፊት። ያልታከመ የመስማት ችግርም ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡት አንዱ ነው።

ስለዚህ «አረጁ» ብለን አንተዋቸው። ሩቅያው ይቀራ፤ ጆሮና ዓይናቸውም ይመርመር፣ የነርቭ ሐኪምም ይያቸው። ቤት ውስጥ የለመዱት ቡና ይቆላ፣ የለመዱት ቃሪእ ይከፈትላቸው። አያቴ የእኔን ስም ረስተዋል፤ ፋቲሓን ግን አንድ ፊደል አይስቱም።

አእምሮውን ካጣ ሰው ላይ ብዕር እንደሚነሳ መድረሳ ተምረናል። ከልጅ ልጁ ላይ ግን አይነሳም። ጀመዓችን ከዐስር ሶላት በኋላ አረጋውያንን ከመስጊድ ቤት የሚያደርስ ተራ ያውጣ። የማክሰኞውን እኔ ወስጃለሁ።