ጣና ላይ ለማን የትኛው ደሴት?

የዳላስ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? ሙቀቱ በበረታ ቁጥር ብዙዎቻችን ለጥምቀት ሀገር ቤት ስለ መሄድ ማውራት እንጀምራለን። ባለፈው እሑድም እዚሁ እናንተ ይህን ጋዜጣ ካነሳችሁበት ቤት ዓይነት አንዱ ውስጥ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ፣ አንድ ወዳጄ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አድርጎ፣

«አንተ ባሕር ዳር ሄደህ ነበር አሉ። እኔም ቤተሰቤን ይዤ ለመሄድ እያሰብኩ ነው። ለሐይቁ የምትተርፈኝ አንዲት ቀን ብቻ ናት። ከጣና ደሴቶች የትኛው ይሻለኛል?» ሲል ጠየቀኝ።

«ማንን ይዘህ ነው የምትሄደው?» አልኩት።

«እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆች። እኔ እንኳ ልቤ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ ነው፤ የነገሥታቱን አፅም ማየት እፈልጋለሁ» አለኝ።

እንግዲህ ለወዳጄ ምን እንደመለስኩለት ከመናገሬ በፊት፣ እኔው ራሴ የሠራሁትን ስሕተት ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2014 እናቴን፣ ባለቤቴንና ሴት ልጄን ይዤ ባሕር ዳር ወረድኩ። ስለ ክብራን ገብርኤል ብዙ አንብቤ ነበር፤ በጥንት የብራና መጻሕፍቱ የታወቀ ገዳም ነው፣ ለከተማውም ቅርብ ነው። ማንንም ሳልጠይቅ የሞተር ጀልባ ተከራየሁ። ደሴቲቱ ዳር ስንደርስ ባለ ጀልባው ቀስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሴቶች ወደ ገዳሙ አይወጡም» አለኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው። ልመለስ ብል እናቴ አልሰማ አለችኝ። «ግድ የለም ልጄ፣ አንተ ሂድ፤ እኔ ከዚሁ እሳለማለሁ» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ጀልባው ላይ ተቀመጠች። እኔ ወጥቼ መጻሕፍቱን አየሁ። ስመለስ ሦስቱም ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። እናቴ አንድም ቀን አላማረረችም።

የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ብቻ አይደለም። ከክብራን አጠገብ እንጦስ ኢየሱስ የሚባል ሴቶች የሚገቡበት ደሴት እንዳለ የሰማሁት ማታ ሆቴል ከገባን በኋላ ነው! በማግሥቱ አውሮፕላናችን ነበር። እናቴ በሦስተኛው ዓመት ጋርላንድ ውስጥ አረፈች፤ ጣናን ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያየችውም ከጀልባ ላይ ሆና ነው።

ስለዚህ «የትኛው ደሴት ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ጎደሎ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ለማን?» የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ስፋቱን እንወቅ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን፣ በሀገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። በኢንተርስቴት 30 ወደ ሮክዎል ስንሄድ የምንሻገረውን ሬይ ሀባርድን ሠላሳ ጊዜ ብታጥፉት እንኳ ጣናን አያህልም። ደሴቶቹ በተለምዶ 37 ናቸው ይባላል፤ ውሃው ሲሞላና ሲጎድል ቁጥሩም ይለዋወጣል። በአንድ ቀን ሁሉንም አያለሁ የሚል ሰው አንዱንም ደህና አድርጎ ሳያይ ይመለሳል።

አዛውንት ይዞ ለሚሄድና ረጅም የጀልባ ጉዞ ለማይችል፣ ደብረ ማርያም አለች። ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት አካባቢ፣ ለባሕር ዳር እጅግ ቅርብ ናት። ዕድል ከቀናችሁ ጉማሬ ታያላችሁ፤ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች አጠገባችሁ ያልፋሉ። እናቶች ገብተው ይሳለማሉ፣ ለምሳ ከተማ ይመለሳሉ።

ሥዕል ለሚወድ፣ ልጆችም ላሉት፣ ዘጌን የሚያህል የለም። እርግጥ ዘጌ ደሴት ሳትሆን ወደ ሐይቁ የገባች ልሳነ ምድር ናት፤ ባለ ጀልባዎች ግን ከደሴቶቹ ጋር አንድ አድርገው ይወስዷችኋል። ጉዞው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም በቡና ደን መካከል የቆሙ ክብ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ የመቅደሳቸው ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል የተሸፈነ ነው። አማርኛ ማንበብ ያቃታቸው የእኛ የቴክሳስ ልጆች እንኳ ታሪኩን ከሥዕሉ ያነቡታል። ሴትም ወንድም ይገባል። ቡናውንም ዛፉ ላይ እንዳለ ማየት ለልጆች ትልቅ ትምህርት ነው፤ ቡና ከስታርባክስ የሚበቅል የሚመስለው ልጅ አለና።

ሙሉ ቀን ላለውና ጀልባ ለማያስፈራው፣ ደቅ ደሴት ናት። የጣና ትልቋ ደሴት ስትሆን ገበሬዎች የሚኖሩባት፣ የሚያርሱባት ናት። በእርሷ ዳር ያለው ናርጋ ሥላሴ በ18ኛው መቶ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ነው። እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ሴት ያሠራችው፣ ሴትም የምትገባበት ነው። ነገር ግን በተራ ጀልባ መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ጎሕ ሲቀድ መነሳት ያስፈልጋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም ቀላል አይደለም።

ወንዶች ብቻ ሆናችሁ ለምትሄዱና ታሪክ ለምትወዱ፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል አሉ። ዳጋ ከደቅ አጠገብ ከሐይቁ እንደ ሾጣጣ ተራራ ቀጥ ብሎ የወጣ ደሴት ነው፤ ዳገቱ ጉልበት ይጠይቃል። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም ያረፈው እዚያ ነው። ሁለቱም በጥንት የገዳም ሥርዓት ሴት አይወጣባቸውም። ሥርዓቱ የኖረ ነው፤ እኛ ከዳላስ መጥተን ልንለውጠው አንችልም፤ ማክበር ግን እንችላለን፤ ለማክበር ደግሞ አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

በምሥራቅ በኩል ያለው ጣና ቂርቆስ ደግሞ ለተሳላሚ ነው። ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት 800 ዓመት ያረፈችው እዚያ ነው የሚል ትውፊት አለ። ለሽርሽር የሚሄዱበት ሳይሆን ለጸሎት የሚሄዱበት ነው።

የትም ብትሄዱ ጥቂት ነገር አትርሱ። ጀልባ ከመዋዋላችሁ በፊት የምትረግጡትን ገዳም ሁሉ እየጠራችሁ፣ ሴቶች ይገቡ እንደሆነ ጠይቁ፤ ዋጋውንም የመቆያ ሰዓቱንም ቁረጡ። የገዳሙ መግቢያ ከጀልባው ሂሳብ ውጭ ነውና ዝርዝር ብር ያዙ። ለሴቶች ነጠላ፣ ለሁሉም ካልሲ፤ ጫማ ይወልቃልና። ለልጆቻችሁ የውሃ መንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ልጆቹ እንደ ሉዊስቪል ሐይቅ ዘለው እንዳይገቡ፤ ጣና ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። ባሕር ዳር ወባም ስላለ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የታየው እምቦጭ አረምም በተለይ ሰሜናዊውንና ምሥራቃዊውን ዳርቻ አስቸግሯል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሰላሙ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 በአማራ ክልል ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ጉዞው እንደ ድሮው አይደለም። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ብቻ ቲኬት አትቁረጡ። ባሕር ዳር ላለ ዘመድ ደውሉ፤ ስለ ከተማው ብቻ ሳይሆን ስለ ሐይቁም ጠይቁ። የስቴት ዲፓርትመንትን የጉዞ ማሳሰቢያም አንብቡ። መንገዱ የማያስተማምን ከሆነ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው ዝዋይ ሐይቅም አምስት ደሴቶች አሉት። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን የዛይ ሕዝብ የሚኖርበት ነው፤ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን እዚያ ተሸሽጋ ነበር የሚል ትውፊትም አለው። ለዚያም መንገድ ቢሆን መጠየቅ አይከፋም።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። እናቱ 80 ዓመት አልፏቸዋል። «ዳጋን ተወው» አልኩት። «ሰላም መሆኑን ካረጋገጥክ ጠዋት ዘጌ ውሰዳቸው፤ ጉልበታቸው ካልቻለ ደብረ ማርያም ይበቃል። ስትመለሱ እንጦስ ኢየሱስን አሳልማቸው።»

«ነገሥታቱስ?» አለኝ እየሳቀ።

«ዐፄ ፋሲል ካረፉ ከ350 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ሌላ ጊዜ ብትመጣም እዚያው ታገኛቸዋለህ። እናትህን ግን ጀልባ ላይ ትተሃቸው አትውጣ» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለእናቱ ደወለ። «እማዬ፣ ጣና ብንሄድ የትኛውን መሳለም ትፈልጊያለሽ?» ሲላቸው ሰማሁት። እኔ በ2014 ያልጠየቅሁትን ጥያቄ እርሱ ጠየቀ።

ለዛሬው በዚሁ ላብቃ። እስከሚቀጥለው ቸር ይግጠመን።