ሁለተኛው ጥያቄ የት ሄደ?

ኅዳር 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ፓርላማ ቀርበው፣ በትግራይ ዘመቻ የመከላከያ ሠራዊት አንድም ሲቪል እንዳልገደለ ተናገሩ።

እስቲ ጊዜውን እናስታውስ። ጦርነቱ ገና ወር አልሞላውም። መቐለ ከተያዘች ሁለት ቀኗ ነው። ትግራይ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጧል፤ ጋዜጠኛም እንደልቡ አይገባም። ታዲያ "አንድም" የተባለውን ማን ቆጠረው?

እውነቱን ለመናገር እኔም ያኔ አልጠየቅኩም። ንግግሩን ሼር ካደረጉት አንዱ ነበርኩ።

ከአራት ወር በኋላ ነገሩ ተቀየረ። የኤርትራ ወታደሮች ትግራይ ገብተዋል ሲባል መንግሥት ለወራት ሲያስተባብል ከርሞ፣ መጋቢት 14 ቀን 2013 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ፓርላማ ላይ መግባታቸውን አመኑ። በዚያው ወር የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አክሱም ላይ ኅዳር 19 እና 20 ከ100 በላይ ነዋሪዎች በኤርትራ ወታደሮች መገደላቸውን ይፋ አደረገ። ቀኑን ልብ በሉ፦ የፓርላማው ንግግር የተደረገው ግድያው ባበቃ ማግስት ነው።

"እሳቸው እኮ ያወሩት ስለ መከላከያ ነው" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ለዚህ ነው ሁለተኛው ጥያቄ የሚያስፈልገው፦ "እሺ፣ ከመከላከያ ሌላ እዚያ የገባ ጦር አለ?" አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። መልሱ አዎ ወይም የለም ነው።

ችግሩ ፓርላማችን ለዚህ አይመችም። አባላቱ ጥያቄያቸውን በተራ ያነባሉ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሁሉንም ሰብስበው ረጅም መልስ ይሰጣሉ፣ አለቀ። የከበደውን መዝለል ይቻላል፤ "ይሄኛውን አልመለሱልኝም" ብሎ የሚመለስ የለም። ያንን ማድረግ የሚችለው ፊት ለፊት የተቀመጠ ጋዜጠኛ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን ኦስሎ ላይ የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ እንኳ ከጋዜጠኞች ጥያቄ አልወሰዱም።

ሁለተኛ ጥያቄ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ እ.ኤ.አ. የካቲት 2003 ጄረሚ ፓክስማን ቶኒ ብሌርን በቢቢሲ የጠየቀበትን ፈልጉ። የኢራቅ ጦርነት ሊጀመር ስድስት ሳምንት ገደማ ቀርቶታል። ብሌር የመሣሪያ ተቆጣጣሪዎቹ ከኢራቅ ተባረሩ ሲሉ፣ ፓክስማን እዚያው አቋረጣቸው፦ አልተባረሩም፣ አሜሪካ ልትደበድብ ስለሆነ ወጡ እንጂ። ብሌር ግን ልክ አይደለም ብለው ተከራከሩት።

ጦርነቱን አስቆመው? አላስቆመውም። ግን ተመልካቹ ስህተቱን በዚያው ምሽት ሰማ። ጦርነቱ የመጨረሻ አማራጭ እንዳልነበረ የቺልኮት ሪፖርት በይፋ የተናገረው በ2016 ነው፣ ከ13 ዓመት በኋላ።

እኛ ጋ ደግሞ መጠየቅ ዋጋ ያስከፍላል። የካቲት 2013 ላይ ለውጭ ሚዲያ የሚሠሩ ጋዜጠኛና አስተርጓሚዎች መቐለ ውስጥ ታስረው ከቀናት በኋላ ነው የተፈቱት። እኔም ፍሪላንሰር ነኝ፤ ከጀርባዬ የሚቆም ድርጅት የለኝም። ስለዚህ "ጋዜጠኛው ለምን አልደፈረም?" ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ግን ፍርሃት ብቻ አይደለም። የምንጠይቀው የሌላውን ወገን መሪ ብቻ ነው። ማይካድራ ላይ ኮሚሽኑ ቢያንስ 600 ሰው ተገደለ ሲል፣ የሕወሓት መሪ ክሱን መሠረተ ቢስ ብለው አልፈውታል። ያኔ ለመንግሥት ያጨበጨበው ለነሱ ጥያቄ አላጣም፣ ለነሱ ያጨበጨበውም ለመንግሥት አላጣም። ለራሱ ወገን ሁለተኛ ጥያቄ ያነሳ ግን ጥቂት ነው።

ጦርነቱ በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ ተባለ። የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ የነበሩት ኦባሳንጆ የሟቹ ቁጥር እስከ 600 ሺህ ሊደርስ እንደሚችል ተናግረዋል። ከ"አንድም" እስከ 600 ሺህ። መሀል ላይ ያለው ክፍተት ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

አሁንም አማራ ክልል ውስጥ ሰው እየሞተ ነው፣ መግለጫውም ከሁሉም ወገን እየወጣ ነው። ስለዚህ ቀጣዩን የመሪ ቪዲዮ ስታዩ፣ የምትደግፉትም ይሁን፣ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ቁጥሩን ማን ቆጠረው? ያልተጠቀሰው ማን ነው? ጠያቂው መልሱን ሰምቶ ድጋሚ ጠየቀ ወይስ ወደ ሌላ ርዕስ ሄደ?

ወደ ሌላ ርዕስ ከሄደ፣ ያያችሁት ቃለ መጠይቅ ሳይሆን መግለጫ ነው።