የኮምፒውተርዎ ሰዓት በየጊዜው ይጠፋብዎታል?

ቤትዎ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ከሆነ ይህ ልማድ ይኖርዎት ይሆናል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃ እንዳያቃጥል ማታ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅለው ይተኛሉ። ጠዋት ልጅዎ ሲከፍተው ግን ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ያገኘዋል። ያስተካክሉታል፤ በማግስቱም ያው ነው።

ጉዳዩ የሰዓት ብቻ ቢሆን የግድግዳውን አይቶ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ምስክር ወረቀት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የኮምፒውተርዎ ቀን ወደ ኋላ ከቀረ ምስክር ወረቀቱ ገና ያልጀመረ ስለሚመስለው «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ይከለክላል። ልጅዎ የቤት ሥራውን ሳይልክ፣ እርስዎም ኢሜይልዎን ሳያዩ ይቀራሉ። ይህን ጊዜ «ቫይረስ ነው»፣ «ማዘርቦርዱ ሄዷል» የሚል አይጠፋም። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን ሦስት ነገሮችን ይለዩ።

ሰዓቱ ብቻ ከተዛባ፦ ደቂቃው ልክ ሆኖ ሰዓቱ ከተሳሳተ የሰዓት ክልሉን (ታይም ዞን) ይመልከቱ። በዊንዶውስ ዝርዝር አዲስ አበባን ቢያጡ «ናይሮቢ»ን ይምረጡ፤ ሰዓታችን አንድ ነው።

በእኛ አቆጣጠር ከተሞላ፦ ጠዋት 2 ሰዓት ለኮምፒውተሩ 8 ነው። የፈረንጆቹ ዓመትም ከእኛ በ7 ወይም በ8 ይበልጣል። የእኛን ዓመት ከሞሉለት ወደ ኋላ የመለሱት እርስዎ ነዎት።

ከተነቀለ በኋላ ብቻ ከጠፋ፦ ጥፋቱ የባትሪ ነው። በዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ላይ ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ አብዛኛውን ጊዜ «ሲአር 2032» የሚል ተጽፎባታል። ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ ሳለ ሰዓቱ ከመብራት ኃይል ያገኛል፤ ሲነቀል ግን ሸክሙ የእሷ ብቻ ነው። በየቀኑ በሚነቀል ቤት ቶሎ የምትደክመውም ለዚህ ነው። ለማረጋገጥ መብራት ባልጠፋበት አንድ ሌሊት ሳይነቅሉ ይተዉት። ሰዓቱ ልክ ሆኖ ካደረና በማግስቱ ሲነቅሉት ከጠፋ፣ ሐኪም አያስፈልግም፤ ባትሪዋን ይቀይሩ።

ኮምፒውተሩን አጥፍተው ይንቀሉት፤ የማብሪያውን ቁልፍም ጥቂት ሰከንድ ይጫኑ። ከፍተው የብረቱን አካል ይንኩ፤ ባትሪዋ እንዴት እንደተቀመጠች በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። መያዣውን ገፋ አድርገው ያውጧትና አዲሷን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ ያስገቡ። ከዚያ ቀኑንና ሰዓቱን ይሙሉ። ላፕቶፕ ከሆነ ግን አሠራሩ ስለሚለያይ ለባለሙያ ይስጡት። አዲስ ባትሪ ገብቶም ከጠፋ ያን ጊዜ የማዘርቦርዱ ነገር ይታያል።

አንድ ነገር አደራ! ያወጧትን ባትሪ ጠረጴዛ ላይ አይተዉ። ያለቀች ብትሆንም ሕፃን ከዋጣትና ጉሮሮው ላይ ከተቀረቀረች በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች። ከተጠራጠሩ ለማስመለስ ሳይሞክሩ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

የመንቀል ልማድዎን ግን አይተዉ። በኃይል መዋዠቅ ከሚቃጠል ኮምፒውተር በየጥቂት ዓመቱ አንዲት ባትሪ መቀየር ይሻላል።