ጉልበትን አስቀድሞ እጅ ይመርምረው

«የጉልበት ጅማት መላላት በአርትሮስኮፒ ካልታየ አይታወቅም» የሚለውን ጽሑፍ አልቀበለውም። እንዲህ ያለ ምክር ባሕር ዳርንና ጎንደርን በሚያገናኘው መንገድ ላይ ያለችውን የእንፍራንዝን ኳስ ተጫዋች ቤተሰቡን አስበድሮ ሩቅ ከተማ ይሰደዋል፤ ያውም ለምርመራ ብቻ።

አርትሮስኮፒ ወደ መገጣጠሚያው በሚገባ ካሜራ የሚያሳየው የጅማቱን መልክ ነው። መላላት ግን እንቅስቃሴ ነው፤ አጥንት በአጥንት ላይ ምን ያህል እንደሚንሸራተት የሚታወቀው ሲሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ጆሴፍ ቶርግና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት የላክማን ምርመራ ይህንኑ ያደርጋል። ጉልበቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ይታጠፋል፤ አንድ እጅ ጭኑን ይይዛል፣ ሌላው ቅልጥሙን ወደ ፊት ይስባል። ጤነኛ የፊት መስቀለኛ ጅማት ቅልጥሙን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ የተበጠሰው አያቆመውም። ከደህናው እግር ጋር ማነጻጸር ግድ ነው። በውጭ በኩል ያለው የጎን ጅማት ደግሞ ከመገጣጠሚያው ከረጢት ውጭ ስለሆነ ካሜራው በቀጥታ አያየውም!

ጉዳቱ ትኩስ ሳለ፣ ጉልበቱ አብጦ ጡንቻው ሲኮማተር፣ እጅ ሊሳሳት ይችላል፤ እውነት ነው። መፍትሔው እብጠቱ ሲቀንስ እንደገና መፈተሽ፣ ካልለየም ኤምአርአይ ነው። አርትሮስኮፒ ማደንዘዣና ቀዶ ጥገና ይጠይቃል፤ ኢንፌክሽንና የደም መርጋትም ሊያስከትል ይችላል። የተበጠሰውን ለመጠገን ከሆነ ይግባ፤ ያኔም ቢሆን ሐኪሙ ከመቅደዱ በፊት በማደንዘዣ የላላውን ጉልበት በእጁ ይፈትሽ።