«ያላንቺ እሞታለሁ» ያለሽን አትመኚው

ከጂንካ ተነስታችሁ ቀይ አፈርን አልፋችሁ ወደ ቱርሚ ስትወርዱ መሀል ላይ ዲመካን ታገኛላችሁ። የሐመር ወረዳ ከተማ ናት፤ ቅዳሜ ትልቁ ገበያዋ ነው። ፀጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ያሹ ሴቶች ማሽላቸውን፣ ማራቸውንና ቅላቸውን ይዘው ይወጣሉ። ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው ግን ዓይኑ የሚያርፈው ቅሉ ላይ አይደለም፤ የሴቶቹ ጀርባ ላይ ነው። ብዙዎቹ ጀርባቸው የአርጩሜ ጠባሳ አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሐመር ጎረምሳ ሚስት ከማግባቱ በፊት በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ እየተራመደ መዝለል አለበት። እሱ ከመዝለሉ በፊት እህቶቹና የዘመድ ልጃገረዶች «ማዝ» የሚባሉትን፣ ዘለው ገና ያላገቡትን ወጣቶች እየተፈታተኑ «ግረፈኝ» ይላሉ። ይገረፋሉ። አያለቅሱም፣ አይሸሹምም። ለምን ሲባል፣ ለወንድማቸው ያላቸው ፍቅር ማሳያ ነው ይባላል። ጠባሳው ግን ሌላም ሥራ አለው። ክፉ ቀን ሲመጣ፣ ባሏ ሲሞት ወይም ከብቷ ሲያልቅ፣ ያቺ ሴት ወደ ወንድሟ ሄዳ «ላንተ ደሜን አፍስሻለሁ» ማለት ትችላለች። እሱም እምቢ አይልም። ጠባሳው የዕዳ ሰነድ ነው ማለት ነው፤ ወረቀቱ ቆዳ የሆነ ሰነድ።

እዚህ ላይ እኛ የከተማ ልጆች ለሁለት እንከፈላለን። አንዱ ወገን «አረመኔነት ነው» ብሎ ያልፋል። ሌላው «ባህላቸው ነው፣ የእነሱ ፍቅር እንዲህ ነው» ብሎ ካሜራውን ያወጣል። ሁለቱም ተሳስተዋል እላለሁ። የመጀመሪያው የራሱን ጉድ አላየም፤ ሁለተኛው መፈላለግን ፍቅር ብሎ ጠርቷል።

ከመጀመሪያው እንጀምር። እኛ ሰፈር ፍቅር በምን ቋንቋ ነው የሚነገረው? «ያላንቺ አልኖርም»። «ካላገባሽኝ ራሴን አጠፋለሁ»። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ልቧ ይቀልጣል፤ ጓደኞቿም «እንዴት ቢወድሽ ነው!» ይሏታል። እስቲ ዓረፍተ ነገሩን ደግማችሁ አንብቡት። ስለ እሷ አንድም ቃል የለበትም። እኔ አልኖርም፣ እኔ እሞታለሁ፣ እኔ፣ እኔ። ይህ የተራበ ሰው ስለ እንጀራ የሚናገረው ነገር ነው። የተራበ ሰው ደግሞ እንጀራውን ይበላዋል እንጂ «ደህና ነህ?» ብሎ አይጠይቀውም።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት አንዲት ወጣት ሲከታተል የቆየ ሰው «የኔ ካልሆነች» ወደሚለው ጥግ ደርሶ ፊቷ ላይ አሲድ ደፋባት። አገር ጉድ አለ። ከዚያን ጊዜ ወዲህም በ«ቅናት» ስም ስንት ሴት ተቀጥቅጣለች፣ ስንቷስ ሞታለች። እያንዳንዱ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲቀርብ «በጣም ይወዳት ነበር» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። አይወዳትም ነበር! ይፈልጋት ነበር። የሐመሯ ልጅ ጀርባዋን የሰጠችው ለምን እንደሆነ ቢያንስ ታውቃለች፤ የኛዋ ግን ዕዳው ውስጥ የገባችው ፍቅር ነው ተብላ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን። መፈላለግ ነውር አይደለም። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይላል አገሩ፤ እውነቱን ነው። ዕድርን ተመልከቱ። ዕድር ማንንም «እወድሃለሁ» ብሎ አያውቅም። ወርሃዊ መዋጮህን ከፈልክ ድንኳን ይተክልልሃል፣ ካልከፈልክ ይቀጣሃል። ግልጽ ነው። የ1992ቱን የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግም ግለጡት። ባልና ሚስት መከባበር፣ መተጋገዝና መደጋገፍ እንዳለባቸው ይደነግጋል፤ ተዋደዱ ብሎ ግን አያዝም። ሕጉ ብልህ ነው፤ ፍቅር በአዋጅ እንደማይመጣ ገብቶታል።

ነውሩ መፈላለጉን በፍቅር ስም መጥራቱ ላይ ነው። ስሙ ሲለወጥ ሒሳብ መጠየቅ ያስነውራላ! ቤይሩት በኢትዮጵያውያን ላይ የሆነውን አስታውሱ። አሠሪዎቹ ስለ ቤት ሠራተኞቻቸው ሲጠየቁ «እንደ ልጃችን ናት» ማለት ይወዱ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ ዶላር ሲጠፋ ግን ብዙዎቹ «ልጆች» ከነሻንጣቸው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ተጣሉ። ልጅ በኑሮ ውድነት ምክንያት በር ላይ አይጣልም። እዚህ አገር ቤት የቀረነውስ? በየወሩ «ላኪልን» ብለን የምንደውልላትን እህታችንን፣ መላኩን ያቆመች ዕለት በምን ድምፅ ነው የምናናግራት?

ዲመካ ላይ ካሜራ ያወጣው ሰውም ከዚህ አያመልጥም። በየፎቶው ብር ከፍሎ «ባህሉን እወደዋለሁ» ይላል። ቆዳ የለበሰችውን፣ ጀርባዋ የተተለተለውን ይፈልጋታል። ያቺው ልጅ ትምህርት ቤት ገብታ፣ ደብተር ይዛ፣ ሱሪ ለብሳ ብትመጣ ግን ካሜራው ወደ ሌላ ይዞራል። እንግዲህ የወደደው ማንን ነበር? አገራችን ራሷስ ብትሆን፣ ለፖስተር የምትፈልጋቸውን ሕዝቦች ድርቅ ሲገባባቸው በዚያው ጉጉት ትፈልጋቸዋለች?

«ታዲያ ድሃ አይዋደድም ልትል ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አላልኩም። ፍቅርና መፈላለግ አንድ ቤት ውስጥ ተስማምተው ሊኖሩ ይችላሉ። እናት ልጇን ትወዳለች፣ በእርጅናዋም ትፈልገዋለች። ሁለቱን የምትለያቸው መንገድ ሲለያዩ ነው። ልጁ ሩቅ አገር መልካም ዕድል ሲያገኝ መፈላለግ «እኔንስ ለማን ትተወኛለህ?» ይላል፤ ፍቅር እያለቀሰም ቢሆን ስንቅ ይቋጥራል። የጠቀመህ ነገር ሲያልቅም እንደዚሁ ነው። ሲወዱ ከነንፍጡ ነው የሚባለው ለዚህ ይመስለኛል፤ ንፍጥ ለማንም አይጠቅምም።

ስለዚህ የሐመሯን ልጅ «ወንድምሽን መውደድ ተዪ» የሚላት ሰው አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት ክፉ ቀን ሲመጣ ከጀርባዋ ሌላ የምትቆጥረው ነገር ነው፦ ትምህርት፣ ጤና ጣቢያ፣ በስሟ የተቀመጠ ገንዘብ፣ በስሟ የሚቆጠር ከብት። ያን ጊዜ ወንድሟን ከወደደችው ስለወደደችው ብቻ ይሆናል፤ አርጩሜውም ምስክርነቱ ይቀርበታል። በችግር ጊዜ ማን ያነሳኛል የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ «ልማዱን ተዉ» ማለት ግን ሰነዷን ቀዶ ባዶ እጇን መስደድ ነው።

የከተማዋ ልጅም የምትፈልገው ይህንኑ ነው። የራስሽ ደመወዝ፣ የራስሽ ቤት ቁልፍ፣ የራስሽ ወዳጆች ይኑሩሽ። ይህ ሲባል «ወንድ አያስፈልጋትም» ብለው የሚሳለቁ አሉ። ይሳለቁ። ካላስፈለገሽ ሰው ጋር አብረሽ ስትኖሪ ነው መውደድሽ የሚታወቀው። ለወንዱም ያው ነው፤ ልብሱን የሚያጥብለትና ወጡን የሚሠራለት ሰው የፈለገ ሠራተኛ ይቅጠር፣ በሥርዓቱም ይክፈል።

«ያላንቺ እሞታለሁ» ላለሽ ሰው መልሱ አጭር ነው፦ መጀመሪያ ኑርና ና።